መጠየቅና መለወጥ፦ የኤችቲቲፒ የጥያቄ ዘዴዎች በድር ማዕቀፎች ውስጥ ያለፉበት መንገድ

በጥርባ የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ



ርእሱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበቡ አንዳንድ ሰዎች «ይህ የኮምፒውተር ሰዎች የእርስ በርስ ወሬ ነው» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከኮምፒውተር አልጀምርም፤ ከደጃፍ እጀምራለሁ።

አንድ አባት ልጁን ጠርቶ «እገሌ ቤት ሂድና ዛሬ ድንች በኩንታል ስንት እንደ ዋለ ጠይቀህ ና» ይለዋል። ልጁ ይዘገያል። ዝናብ ያዘው ይሆን፣ ጨዋታ ያዘው ይሆን፣ አይታወቅም። አባት ታናሹን ይልካል። በመጨረሻ ሁለቱም አንድ ዓይነት ወሬ ይዘው ቢመለሱ የተጎዳ ሰው የለም። በሌላ ቀን ያው አባት «እገሌ ቤት ሂድና አንድ ኩንታል የዘር ድንች በዱቤ ይላክልን በለው» ይላል። ልጁ አሁንም ይዘገያል። አሁን ግን አባት ይጨነቃል። ልጁ ሳይደርስ ቀርቶ ከሆነ ሁለተኛ ልጅ መላክ ያስፈልጋል፤ ደርሶ፣ የዘገየው መልሱ ብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛው ልጅ ሁለተኛ ኩንታል፣ ሁለተኛም ዕዳ ያመጣል። ደጃፉ ላይ የቆመው አባት እነዚህን ሁለት ሁኔታዎች የሚለይበት ምንም ምልክት የለውም።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ አባት ጭንቀት ነው። ኤችቲቲፒ የሚባለው ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል እያንዳንዱን ጥያቄ የሚጀምረው የመልእክቱን ዓላማ በሚናገር አንድ ቃል ነው፦ ጌት፣ ፖስት፣ ፑት፣ ዲሊትና የመሳሰሉት። እነዚህን ቃላት የጥያቄ ዘዴዎች እንላቸዋለን። ተማሪዎቻችን ብዙውን ጊዜ «በጌት መረጃው በአድራሻው ላይ ይታያል፣ በፖስት ይደበቃል» ብለው ይለዩአቸዋል። ልዩነቱ ግን ከመታየትና ካለመታየት በላይ ነው። ዘዴው «ይህ መልእክት ሊደገም ይችላል» ወይም «እንዳይደገም ተጠንቀቁ» የሚል፣ ላኪው በመንገዱ ላይ ላሉት ሁሉ የሚሰጠው ቃል ነው። ማዕቀፎቻችን ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አፍርሰው ብዙ ጊዜ ጠግነውታል፤ ሲፈርስ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚከፍለው መሥመሩ የሚቆራረጥበት ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ጄኔቫ አጠገብ ከሚገኘው ከሰርን የምርምር ማዕከል ነው። ሰር ቲም በርነርስ-ሊ የድርን ሐሳብ በ1989 በጽሑፍ አቀረቡ፤ በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያው ሰርቨርና የመጀመሪያው ብራውዘር መሥራት ጀመሩ። በ1991 የተጻፈው የፕሮቶኮሉ ቅርፅ፣ በኋላ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ የተባለው፣ አንድ መሥመር ብቻ ነበር፦ ጌት የሚለው ቃል፣ ቀጥሎ የገጹ አድራሻ። ሰርቨሩ ገጹን ልኮ መሥመሩን ይዘጋል። ስሕተት ቢኖር እንኳ የሚናገር ቁጥር አልነበረም።

ተማሪ ሳለሁ ይህን ሳነብ አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር። ዘዴው አንድ ብቻ ከሆነ ስም ለምን አስፈለገው? አድራሻው ብቻውን ይበቃ አልነበረምን? መልሱን ያገኘሁት በ1992 ሰርን ውስጥ ከተዘጋጀው የዘዴዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ዛሬ የምናውቃቸውን ጌት፣ ሄድ፣ ፑት፣ ፖስትና ዲሊትን ይዟል። ከእነርሱም ጋር ቼክአውት፣ ቼክኢን፣ ሊንክ፣ አንሊንክ፣ ሾውሜተድ፣ ሰርች፣ ቴክስትሰርችና ስፔስጃምፕ የሚሉ ነበሩበት። ቼክአውትና ቼክኢን ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ እንደ መመለስ ናቸው፤ አንዱ ሲያርም ሌላው እንዳያርም ሰነዱን ለመያዝ የታሰቡ። ዝርዝሩ የሚነግረን ድር ሲታሰብ ለማንበብ ብቻ እንዳልነበረ ነው። የመጀመሪያው የበርነርስ-ሊ ብራውዘር ራሱ ማረሚያም ነበር። የመጀመሪያው ቃል የተቀመጠው ሌሎቹ ቃላት እንደሚመጡ ታውቆ ነው።

ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ ሞቱ። በሜይ 1996 የታተመው አርኤፍሲ 1945፣ ማለትም የኤችቲቲፒ አንድ ነጥብ ዜሮ ሰነድ፣ በዋናው ክፍሉ የያዘው ጌትን፣ ሄድንና ፖስትን ብቻ ነው። ፑት፣ ዲሊት፣ ሊንክና አንሊንክ ወደ አባሪው ተገፉ። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም፤ በ1993 የተስፋፋው ሞዛይክ ብራውዘር የሚያነብ እንጂ የሚያርም አልነበረም። ዓለም አንባቢውን ብራውዘር ወደደ። መጻፍ የቀረው በቅጽ በኩል ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ከጄኔቫ ወደ አዲስ አበባ ልሻገር፤ በእነዚሁ ዓመታት በአገራችን መልእክት እንዴት ይላክ እንደነበር ማየት ስለ ተነሣንበት ጭንቀት ብዙ ያስተምራልና።

በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል ነበር። በወይዘሮ ናንሲ ሃፍኪን መሪነት፣ እንደ ዶክተር ሊሻን አዳም ባሉ ባለሙያዎች ድካም፣ ክፍሉ አዲስ አበባን በፊዶኔት ቴክኖሎጂ ከዓለም ጋር አገናኘ፤ ከ1993 ጀምሮም ካቤካ በተባለው ፕሮጀክት፣ በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ፣ ሥራውን ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አስፋፋ። ፊዶኔት ዘወትር የተከፈተ መሥመር አይፈልግም። አንዱ ኮምፒውተር ለሌላው በተራ የስልክ መሥመር ይደውላል፤ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ይሰጣል፣ የመጣለትን ይቀበላል፣ ስልኩን ይዘጋል። የአዲስ አበባው ደብዳቤ ለንደን በሚገኘው ግሪንኔት በኩል ወደ ዓለም ይወጣ ነበር።

የስልክ መሥመር በመካከል ሲቋረጥ ምን ይሆናል? ያው የአባትየው ጥያቄ ነው። ደብዳቤው ደርሶ ማረጋገጫው ብቻ ቀርቶ ከሆነ ላኪው ደግሞ ይልካል፤ ተቀባዩም ሁለት ቅጂ ይደርሰዋል። በፊዶኔት የጋራ መወያያዎች አንድ መልእክት እየተደጋገመ መዞሩ የታወቀ በሽታ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ሆነ፦ እያንዳንዱ መልእክት ከላኪው ዘንድ ልዩ መለያ ተሰጥቶት እንዲወጣ ማድረግ። ተቀባዩ መለያውን ከዚህ ቀደም ካየው መልእክቱን ይጥለዋል።

በነገራችን ላይ ይህ ለኢትዮጵያ የቢሮ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ደብዳቤ ሲቀበል አስቀድሞ የሚያየው «ቁጥር» እና «ቀን» የሚለውን ነው። ያው ደብዳቤ አንድ ጊዜ በፖስታ፣ አንድ ጊዜ በሰው እጅ ቢመጣ ገቢ መዝገቡን ገልጦ «ይህ ገብቷል» ይላል። አባትየው ለልጁ ቁጥር ያለው ብጣሽ ወረቀት ቢሰጠው ኖሮ ሁለተኛውን ልጅ ሳይፈራ በላከው ነበር። ይህን ወረቀት አስታውሱልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኢሜይል ብቻ የነበራቸው ሰዎች ድረ ገጽ ለማንበብ ያገኙት ዘዴም አለ። ሳተላይፍ የተባለው ድርጅት ለሄልዝኔት የጤና ባለሙያዎች ጌትዌብ የሚባል አገልግሎት ነበረው። ሐኪሙ የገጹን አድራሻ በኢሜይል ይልካል፤ የገጹ ጽሑፍ በኢሜይል ይመለስለታል። አዝጋሚ ነው፤ ግን ሠራ። የሠራውም ማንበብ ቢዘገይም፣ ቢደገምም፣ በሌላ ሰው እጅ ቢያልፍም የማይበላሽ ጥያቄ ስለ ሆነ ነው።

በጃንዋሪ 1997፣ በእኛ በ1989 ዓ.ም. አጋማሽ፣ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ ጀመረ። በዚያው ወር አርኤፍሲ 2068፣ የኤችቲቲፒ አንድ ነጥብ አንድ የመጀመሪያ ሰነድ፣ ታተመ። አጋጣሚ ነው፤ ከአጋጣሚነቱ በላይ ትርጉም አልሰጠውም። ሆኖም አገራችን ወደ ድር የገባችው ድር የዘዴዎቹን ሕግ ጽፎ ባስቀመጠበት ወር መሆኑ ለታሪክ ተማሪ ደስ ይላል።

ያ ሰነድ ሁለት ነገር በግልጽ ለየ። የመጀመሪያው «ጉዳት አልባ» የሆኑ ዘዴዎች ናቸው፤ ጌትና ሄድ ከመጠየቅ በቀር በሰርቨሩ ላይ አንዳች ለውጥ እንዲመጣ አይሹም። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ኢደምፖተንት የሚባለው ነው፤ እኔ «ቢደገም ያው» እለዋለሁ። ፑት «በዚህ አድራሻ ይህን አስቀምጥ» ይላል፤ አሥር ጊዜ ቢላክ የሚቀመጠው ያው አንዱ ነው። ዲሊት «ይህን አጥፋ» ይላል፤ የጠፋን ነገር ደግሞ ማጥፋት ሌላ ጥፋት አይጨምርም። ፖስት ብቻ ከሁለቱም ውጭ ቆመ፤ «ይህን ተቀበልና እንደ ሥርዓትህ አድርግበት» ይላል፤ ሁለት ጊዜ ቢላክ ሁለት ጊዜ ሊደረግ ይችላል። ከዚህ የተነሣ መሥመር ሲቋረጥ ብራውዘሩ ጌትን በራሱ ፈቃድ ደግሞ መላክ ይችላል፤ ፖስትን ግን ሰውን ሳይጠይቅ መድገም የለበትም። ቅጽ ሞልታችሁ ገጹን እንደገና ስትከፍቱ ብራውዘሩ «መረጃው እንደገና ይላክ?» ብሎ የሚያስጨንቃችሁ ስለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ሳናነብ «እሺ» የምንለው ያ ጥያቄ የአባትየው ጥያቄ ነው።

ሕጉ ተጻፈ፤ ፕሮግራመሮች ግን በሌላ መንገድ ሄዱ።

በ1993 ኤንሲኤስኤ ባወጣው ሲጂአይ በተባለው አሠራር ሰርቨሩ ለፕሮግራሙ የዘዴውን ስም በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ያስተላልፍ ነበር። ተለዋዋጩን ማየት አለማየት የፕሮግራመሩ ፈቃድ ነው። አብዛኛው አላየውም። ቀጥሎ በ1995 የራስመስ ሌርዶርፍ ፒኤችፒ መጣ፤ የአገራችን የመመረቂያ ፕሮጀክቶች ባለውለታ ነውና በአክብሮት እናገራለሁ። ነገር ግን ቀድሞ የነበረው ሬጂስተር ግሎባልስ የሚባለው አሠራሩ በጌት የመጣውን፣ በፖስት የመጣውንና በኩኪ የመጣውን አንድ ላይ ደባልቆ ተራ ተለዋዋጭ ያደርገው ነበር። በአድራሻው ላይ የተጻፈውና በቅጹ የተሞላው አንድ ሆኑ። በዲሴምበር 2001 የወጣው አራት ነጥብ አንድ ሁለቱን በየስማቸው የሚይዙ ድርድሮች አመጣ፤ በኤፕሪል 2002 ድብልቁ አሠራር ካልተጠየቀ በቀር እንዲጠፋ ተደረገ፤ ፈጽሞ የተወገደው ግን በ2012 ነው። አንድን ስሕተት ለማረም አሥር ዓመት! በዚያ መካከል የተማረው ትውልድ ልማዱን ይዞ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተሻገረ።

ከዚያ ልማድ ሁሉ ክፉው «ሰርዝ» የሚለውን ተራ ሊንክ ማድረግ ነበር። ሊንክ ሲነካ የሚሄደው ጌት ነው። ጌት ደግሞ ጉዳት አልባ ነኝ ብሎ ቃል ሰጥቷል። ይህን ቃል ያመነ በሜይ 2005 መጣ። ጎግል ያወጣው ዌብ አክሰለሬተር የተባለ ፕሮግራም፣ ተጠቃሚው ገና ሳይነካቸው በገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች አስቀድሞ እየከፈተ ያመጣ ነበር። ዓላማው ማፍጠን ነበር። ሠላሳ ሰባት ሲግናልስ በተባለው ኩባንያ ባክፓክ ላይ ግን ከሊንኮቹ መካከል «ሰርዝ» የሚሉ ነበሩና ፕሮግራሙ የተጠቃሚዎችን ጽሑፍ መሰረዝ ጀመረ። ጩኸቱ ትልቅ ሆነ። አንዱ ወገን ጎግልን ወቀሰ፣ ሌላው የገጹን ሠሪዎች። ከሰነዱ አንጻር ስፈርድ ጥፋቱ የገጹ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ያንን ስሕተት ያልሠራ ካለ ድንጋዩን ያንሣ፤ እኔ አላነሣም።

ለታሪካችን የሚጠቅመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለው ማዕቀፍ በ2004 የወጣው ከዚሁ ኩባንያ ሥራ ነው። በጃንዋሪ 2007 የወጣው አንድ ነጥብ ሁለት ግን መንገዶችን በአድራሻ ብቻ ሳይሆን በዘዴም የሚለይ ሆኖ መጣ፦ በአንድ አድራሻ ላይ ጌት ማሳያ፣ ፑት ማረሚያ፣ ዲሊት መሰረዣ። ሮይ ፊልዲንግ በ2000 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አርቫይን ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ሬስት ብለው የሰየሙት አስተሳሰብ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ወርዶ የፕሮግራመሩ የዕለት እንጀራ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ሆኖም አንድ እንቅፋት ነበረ፤ ዛሬም አለ። የኤችቲኤምኤል ቅጽ ከ1995ቱ ሁለት ነጥብ ዜሮ ጀምሮ የሚያውቀው ጌትንና ፖስትን ብቻ ነው። በኤችቲኤምኤል አምስት ዝግጅት ወቅት ፑትና ዲሊት እንዲጨመሩ ተሞክሮ ተመልሶ ተነሣ። ስለዚህ ሬይልስም፣ በ2011 የወጣው ላራቬልም አንድ ብልሃት ይጠቀማሉ፤ ቅጹ በፖስት ይላክና በውስጡ በተደበቀ ሳጥን «እኔ በእውነት ፑት ነኝ» የሚል ቃል ይይዛል። ማዕቀፉ ያንን አንብቦ ወደ ትክክለኛው መንገድ ይመራዋል። ለሥራ ይበቃል። ግን አስተውሉ፤ በመንገድ ላይ ያለው ብራውዘርና አማላጅ ሰርቨር የሚያየው ፖስት ነው። በቤት ውስጥ ፑት የሆነ በመንገድ ላይ ፖስት ከሆነ ማንም በራሱ ፈቃድ ሊደግመው አይችልም። ተማሪዎች «ላራቬል ላይ ፑት ተጠቅሜአለሁ» ሲሉኝ ይህን እጠይቃቸዋለሁ።

የዛሬ ማዕቀፎች በዘዴ አያያዝ ይለያያሉ። የ1997ቱ የጃቫ ሰርቭሌት ለእያንዳንዱ ዘዴ የራሱን ተግባር ሰጠ። በጁላይ 2005 የወጣው ጃንጎ አንድ ተግባር ለሁሉም ሰጥቶ ዘዴውን እንዲመረምር ፕሮግራመሩን አመነው፤ በ2011 ግን በክላስ የሚጻፉ ዕይታዎችን ጨምሮ ለየዘዴው የተለየ ቦታ አዘጋጀ። በ2010 የወጣው ፍላስክ ከመንገዱ ጎን የተፈቀዱትን ዘዴዎች እንድትዘረዝሩ ይጠይቃል፤ ካልዘረዘራችሁ የሚፈቅደው ጌትን ነው፤ ሄድንና ኦፕሽንስን በራሱ ይጨምራል። ይህን ነባሪ አወዳለሁ። ዝም ያለ ፕሮግራመር መለወጥን ሳይሆን መጠየቅን ብቻ የፈቀደ ይሆናልና።

ያልተፈቀደ ዘዴ ሲመጣ ትክክለኛው መልስ 405 ነው፤ ከእርሱም ጋር የተፈቀዱትን ዘዴዎች የሚዘረዝር መሥመር መላክ ግዴታ ነው። የተማሪ ሥራ ሳርም ብዙ ጊዜ የማገኘው ግን በ200 የታጀበ «ስሕተት ተፈጥሯል» የሚል ገጽ ነው። 200 ማለት «ተሳክቷል» ማለት ነው። በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ይህን ሲቀበል ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ስሙ ተመዝግቧል ብሎ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ጃንጎና ላራቬል ከሌላ ድረ ገጽ ተሸሽጎ የሚመጣን ቅጽ የሚከላከሉበት የምሥጢር ምልክት አላቸው። ላራቬል ላይ 419 የሚል ገጽ ያጋጠማችሁ ታውቁታላችሁ። ይህ ጥበቃ የሚመረምረው ለውጥ የሚያመጡትን ዘዴዎች ብቻ ነው፤ ጌትን ያሳልፈዋል፣ ጉዳት አልባ ነው ተብሏልና። እንግዲህ መሰረዣውን በጌት የሠራ ሰው ዘበኛውን በር ላይ አቁሞ መስኮቱን ክፍት ትቷል።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስት ነጥብ ዜሮ ውስጥ ገባ። በዩቲኤፍ ስምንት አንድ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲጻፍ እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚወከል አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ጥርባ» ብሎ በጌት የሚፈልግ ሰው አድራሻው ላይ 27 ምልክት ይጨምራል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከ2,083 ምልክት የሚበልጥ አድራሻ አይቀበልም ነበር፤ ጠቅላላው አድራሻ ፊደል ብቻ ቢሆን እንኳ ከ231 የአማርኛ ፊደል አያልፍም ማለት ነው። ብዙ የአገራችን ድረ ገጾች ፍለጋን በፖስት የሠሩት ይህን ረጅምና መልከ ጥፉ አድራሻ ሸሽተው ይመስለኛል። ፍርዴን ልናገር፦ ስሕተት ነው። በፖስት የተገኘ የፍለጋ ውጤት ለጓደኛ በቴሌግራም አይላክም፣ ተቀምጦ በማግስቱ አይከፈትም፣ መሥመሩ ተቋርጦ ሲመለስም በራሱ አይመጣም። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ገጾች አድራሻቸው ቢረዝምም በጌት ይነበባሉ፤ እርማት ሲቀመጥ ብቻ በፖስት ይላካል። ትክክሉ ይህ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም የተማሪዎች ምዝገባ ቅጽ ሠርቼ ነበር። ቅጹ በፖስት ይላካል፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ነገር ግን ተቀብሎ ከመዘገበ በኋላ «ተመዝግበዋል» የሚለውን ገጽ በዚያው መልስ ላይ ይጽፍ ነበር። የምዝገባው ዕለት መሥመሩ ተጨናነቀ። ተማሪዎቹ አንዴ ነክተው ቢጠብቁ መልስ የለም፤ ደግመው ነኩ። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ተመዘገበ። በማግስቱ አንድ ቅን ሠራተኛ ድግግሞሹን ለማጽዳት ተቀመጠና የአንዲትን ተማሪ ሁለቱንም መዝገብ ሰረዘ። ልጅቷ ያወቀችው በክፍል ውስጥ ስሟ ሳይጠራ ሲቀር ነው። ነገሩ ተስተካከለ፤ ሁለት ሳምንት ግን ፈጀ፤ እርሷም እነዚያን ሁለት ሳምንታት ከቢሮ ወደ ቢሮ ስትመላለስ አሳለፈቻቸው።

የመጀመሪያው መድኃኒት የታወቀ ነበር። ፖስቱን ከተቀበሉ በኋላ በ303 ወደ ሌላ ገጽ መምራት፤ ብራውዘሩ ያንን ገጽ በጌት ይጠይቃል፣ ገጹ ቢታደስም የሚደገመው ጌቱ ነው። 303 ራሱ ታሪክ አለው። በአንድ ነጥብ ዜሮ ዘመን የነበረው 302 ዘዴው እንዳይለወጥ ያዝዝ ነበር፤ ብራውዘሮች ግን ሕጉን ጥሰው ፖስቱን ወደ ጌት ይለውጡት ነበር። ሕግ አውጪዎቹ በመጨረሻ ለጥሰቱ የራሱን ቁጥር ሰጡት፤ በ1997 303 መጣ። ዘዴው እንዳይለወጥ ለሚፈልግ ደግሞ በ1999 307 ተጨመረ።

303 ግን ለልጅቷ ሙሉ መድኃኒት አይሆናትም ነበር። መልሱ ሳይመጣ ደግማ የነካችውን አያስቀርም። ለዚያ የሚያስፈልገው የአባትየው ብጣሽ ወረቀት ነው፤ ቅጹ ሲከፈት የተሰጠ፣ ሁለት ጊዜ ቢላክ ሰርቨሩ «ይህ ገብቷል» የሚልበት ቁጥር።

ዛሬ ይህ ቁጥር በአገራችን የክፍያ ሥራ ውስጥ የታወቀ ነው። ቻፓ የተባለው የክፍያ መግቢያ ለፕሮግራመሮች ባወጣው መመሪያ ክፍያ የሚጀመረው በፖስት ነው፤ ነጋዴው ራሱ የሚያወጣውን ልዩ መለያ መያዝም አለበት። ክፍያው መፈጸም አለመፈጸሙ የሚጠየቀው ግን ያንኑ መለያ በያዘ ጌት ነው። እንግዲህ መሥመር ቢቋረጥ ፕሮግራሙ ገንዘብ ደግሞ አይጠይቅም፤ በጌት «ያ ቁጥር ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህን ደግሞ መቶ ጊዜ ቢጠይቅ ጉዳት የለውም። በውጭ አገር ስትራይፕ ተመሳሳይ ቁልፍ በጥያቄው ራስጌ ላይ ይቀበላል። አዲስ አበባ ላይ ስልክ እየደወለ ደብዳቤ ይልክ የነበረው ፊዶኔት ያወቀው ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ወደዚህ አካባቢ የሚያቀርበን ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ተቋማትን ዘገባ የሚሰበስበው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚለማው ዲኤችአይኤስ ሁለት ነው። ሥርዓቱ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መሥራት ይችላል፤ የውጭ ሶፍትዌር ይህን ሲያከብር ማየት ብርቅ ነው። አንድ የጤና ጣቢያ ባለሙያ የወሩን የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር ሲልክ ቁጥሩ የሚቀመጠው በተራ ቁጥር አይደለም። ምን እንደ ተቆጠረ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ተቋምና በምን ክፍፍል የሚሉት ተጣምረው የቁጥሩ መታወቂያ ይሆናሉ። መሥመር ተቋርጦ ያው ዘገባ ሦስት ጊዜ ቢላክ በዚያ መታወቂያ ሥር የሚገኘው አንድ ቁጥር ነው፤ ሦስት እጥፍ የተከተበ ሕፃን የለም። ልብ በሉ፤ ይህ ዘገባ የሚላከው በፖስት ነው። ዘዴው የማይሰጠውን ቃል የመረጃው አቀማመጥ ሰጠው።

ነገሩን ተገላቢጦሽ አድርጋችሁ እዩት። በማርች 2010 በአርኤፍሲ 5789 የጸደቀው ፓች ከፊል ለውጥ ለመላክ ነው፤ እርሱም እንደ ፖስት ቢደገም ያው የመሆን ቃል አልሰጠም። «የተከተቡት 25 ናቸው» ብሎ መላክና «በነበረው ላይ 5 ጨምር» ብሎ መላክ መሥመሩ ጤነኛ በሆነበት ከተማ አንድ ውጤት ይሰጣሉ። ከዚህ ከጥርባ ተነሥቶ በተቆራረጠ መሥመር ሁለት ጊዜ የደረሰ «5 ጨምር» ግን 30 ይላል፤ ባልተከተቡ አምስት ልጆች ስም ክትባት ተሰጥቷል ተብሎ ይቆጠራል፤ የሚቀጥለው ወር የክትባት አቅርቦትም በዚያ ቁጥር ይታቀዳል።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ። ከኋላ እጃቸውን ካነሡት እንጀምር።